የራዲዮ ማብሪያ ማጥፊያ ለምን ቶሎ ይበላሻል?

ራዲዮ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነገር ያሰጋዋል። ከእጁ ወድቆ እንዳይሰበር ይጠነቀቃል። ዝናብ እንዳይነካው ይሸፍነዋል። ድንጋዩ ቶሎ እንዳያልቅበትም ይቆጥባል። ስለ ማብሪያ ማጥፊያው ግን የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ማብሪያ ማጥፊያ ማለት ራዲዮውን የምንከፍትበትና የምንዘጋበት ቁልፍ ነው። በጣት የሚዞር አለ፤ የሚገፋ አለ፤ የሚጫኑትም አለ። ዕቃው ትንሽ ነው። ዋጋውም ከራዲዮው ዋጋ ጋር ሲተያይ ከቁጥር አይገባም። ሆኖም ከራዲዮ ክፍሎች ሁሉ ይበልጥ የሚለፋው እሱ ነው።

እስቲ እንቁጠር። አንድ ሰው ራዲዮውን ጧት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ ይከፍታል እንበል። ሁለት ጊዜ የከፈተ ሁለት ጊዜ ይዘጋል። ስለዚህ በቀን 4 ጊዜ ቁልፉን ይነካል ማለት ነው። በዓመት 365 ቀን አለ። 4 በ365 ሲባዛ 1,460 ይሆናል። በ5 ዓመት ደግሞ 7,300 ጊዜ ይደርሳል። በራዲዮ ውስጥ ያሉት ሌሎቹ ዕቃዎች አብዛኞቹ ከፋብሪካ ከወጡ ጀምሮ ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉም። እነሱ እንደ ሞፈር ናቸው፤ ማብሪያ ማጥፊያው እንደ ማረሻ ነው። ሞፈሩ ብዙ ዓመት ሲያገለግል፣ ከአፈር ጋር የሚፋተገው ማረሻ ግን በየጊዜው ይበላል።

ይኸን አለማወቅ ገንዘብ ያስወጣል። በደሴ ዙሪያ ወይም በቃሉ ገጠር የሚኖር አንድ ገበሬ ራዲዮው ድንገት ዝም ይልበታል። መጀመሪያ የሚጠረጥረው ድንጋዩን ነው። ሰኞ ገበያ ወጥቶ 4 አዲስ ድንጋይ ይገዛል። ቤቱ ገብቶ ቢከተው ራዲዮው አሁንም ዝም ነው። «በቃ፣ ሞቷል» ይልና መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል። ሲቆይ የልጆች መጫወቻ ይሆናል፤ ወይም በርካሽ ይሸጠዋል። የገዛው ሰው ቁልፉን ብቻ አጽድቶ ወይም ለውጦ ዜና ይሰማበታል።

ጉዳቱ የገንዘብ ብቻ አይደለም። በ1971 ዓ.ም የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ትምህርቱን የሚያግዝ ፕሮግራም በራዲዮ ይተላለፍ ነበር። በ2013 ዓ.ም መግቢያ የበረሃ አንበጣ ወደ ወሎ በገባ ጊዜ፣ መንጋው ወዴት እንደሚያመራ አስቀድሞ መስማት ለደረሰ ማሽላና ለጤፍ ትልቅ ነገር ነበር። በ2014 ዓ.ም ጥቅምት ወር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ደግሞ መብራትም ስልክም ተቋረጠ። እንዲህ ባለ ጊዜ በድንጋይ የሚሠራ ራዲዮ የቤቱ ጆሮ ነው። ያ ራዲዮ በአንዲት ትንሽ ቁልፍ ምክንያት ዝም ብሎ ከተቀመጠ ቤቱ ደንቆሮ ሆነ ማለት ነው።

ውስጡ ምን አለ?

የኤሌክትሪክ ኃይል የሚሄደው በዙሪያ መንገድ ነው። ከድንጋዩ ባንድ ጫፍ ይወጣል፤ በሽቦ አድርጎ ራዲዮው ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ሥራውን ይሠራል፤ ከዚያ በሌላ ሽቦ ወደ ድንጋዩ ሌላ ጫፍ ይመለሳል። መንገዱ አንድ ቦታ ላይ ከተቆረጠ ጉዞው በሙሉ ይቆማል። ማብሪያ ማጥፊያው በዚህ መንገድ ላይ ያለ ድልድይ ነው። ስናበራ ድልድዩ ይዘረጋል፤ ስናጠፋ ይነሣል።

ድልድዩ የተሠራው ከሁለት ትንንሽ የብረት ምላሶች ነው። ሁለቱ ምላሶች ሲነካኩ ኃይሉ ይሻገራል። ሲለያዩ ይቆማል። አጥብቆ የሚያነካካቸው ሞላ ነው። ቁልፉን ስናዞር «ቀጭ» የሚል ድምፅ የምንሰማው ሞላው ምላሱን ፈንጠር አድርጎ ሲያገጥመው ወይም ሲያላቅቀው ነው።

እዚህ ላይ አነጋገራችን ያስቃል። እኛ «ራዲዮ ክፈት»፣ «ራዲዮ ዝጋ» እንላለን። ውስጥ ያለው ሥራ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ስንከፍተው ምላሶቹ ይገጥማሉ፤ ስንዘጋው ይለያያሉ። የራዲዮ ሠራተኛ «ቁልፉ ክፍት ሆኖ ቀርቷል» ቢላችሁ፣ ምላሶቹ አልገጥም አሉ ማለቱ ሊሆን ይችላልና ጠይቁት።

በብዙ ትንንሽ ራዲዮኖች ላይ ማብሪያ ማጥፊያውና የድምፅ መጨመሪያው አንድ ላይ ተሠርተዋል። መጀመሪያ ስታዞሩት «ቀጭ» ብሎ ይከፈታል፤ ወደፊት ስታዞሩት ድምፁ እየጨመረ ይሄዳል። ይኸ ለአሠራር ርካሽ ነው፤ ለባለቤቱ ግን ችግር አለበት። ራዲዮውን በከፈታችሁና በዘጋችሁ ቁጥር የድምፅ መጨመሪያው ሳያስፈልግ ይፋተጋል። ሁለቱም አብረው ያረጃሉ። አንዱ ሲበላሽም ሁለቱም መለወጥ አለባቸው።

የምላሶቹ ጠላቶች

የመጀመሪያው ጠላት ብልጭታ ነው። ምላሶቹ ሊለያዩ ሲሉ፣ ገና ፀጉር የምታህል ክፍተት ስትኖር፣ ኃይሉ መንገዴን አልተውም ብሎ በአየር ላይ ይዘላል። ትንሽ ብልጭታ ይፈጠራል። ይህች ብልጭታ ምላሱን ትጠብሰዋለች፤ ጥቁር ነጥብ ትተውበታለች። ኃይሉ በዛ ያለ ከሆነ ብረቱን ታቀልጠዋለች። ስለዚህ ቁልፍ ሲገፋም ሆነ ሲዞር ባንድ ጊዜ ቁርጥ አድርጎ ነው። መሐል ላይ ይዞ ማንቀርፈፍ፣ ልጆች እንደሚያደርጉት ቀጭ ቋ እያደረጉ መጫወት፣ ብልጭታውን ማብዛት ነው።

በድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ራዲዮ ላይ ብልጭታው በጣም ደካማ ነው። አንድ ድንጋይ 1.5 ቮልት ይሰጣል፤ 4 ድንጋይ ሲደረደር 6 ቮልት ይሆናል። ቮልት ማለት የሚገፋው ጉልበት ነው፤ ውሃ ከከፍታ ሲወርድ እንዳለው ግፊት። አምፔር ደግሞ በቦዩ የሚያልፈው ውሃ ብዛት ነው። ትንሽ ራዲዮ ድምፁ ሳይጮህ ሲሠራ የሚወስደው ከአንድ አምፔር ከመቶ እጅ ጥቂት እጅ ብቻ ነው።

ሌላው ዓይነት ራዲዮ ግን እንዲህ አይደለም። አማተር የሚባሉ የራዲዮ ሰዎች አሉ። እነዚህ ደመወዝ ሳይከፈላቸው፣ ከመንግሥት ፈቃድ አውጥተው፣ በራዲዮ ከሩቅ አገር ሰዎች ጋር የሚነጋገሩ ናቸው። መስማት ብቻ ሳይሆን መናገርም ይችላሉ። በአዲስ አበባም 5 ኪሎ በሚገኘው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ የአማተሮች ጣቢያ ተቋቁሟል፤ መጠሪያው ኢ.ቲ. 3 ኤ.ኤ. ነው። ኢ.ቲ. የሚለው የኢትዮጵያ መለያ ነው። በዓለም ዙሪያ የመሬት መንቀጥቀጥ ወይም ጎርፍ ስልኩን ሲበጥሰው እነዚህ ሰዎች መልእክት በማድረስ ብዙ ጊዜ ረድተዋል።

የአማተር ራዲዮ ድምፅ አውጥቶ ሲልክ ብዙ ኃይል ይፈልጋል። 100 ዋት የሚልክ ራዲዮ ከ12 ቮልት ባትሪ እስከ 20 አምፔር ያህል ይወስዳል። የእኛ ትንሽ ራዲዮ አንድ ጀሪካን ውሃ ቢያስቀዳ፣ ያኛው በ400 ጀሪካን እንደሚቀዳ ቁጠሩት። ይኸ ሁሉ ኃይል በአንዲት ድልድይ ላይ ሲያልፍ ድልድዩ ይግላል፤ ብልጭታውም ይበረታል። በዚያ ላይ ራዲዮው ሲከፈት በመጀመሪያዋ ቅጽበት ኃይል እንደ ደረቀ ገንዳ ይጠጣል። በዚህም ምክንያት አሮጌ የአማተር ራዲዮኖች ሌላው ክፍላቸው ደኅና ሆኖ ማብሪያ ማጥፊያቸው ይሞታል። ፋብሪካው ያን ዓይነት ቁልፍ መሥራት ካቆመ ደግሞ መለዋወጫ ማግኘት ጭንቅ ነው።

አማተሮች ለዚህ ያበጁት ዘዴ አለ። አንዳንዶቹ የራዲዮውን ቁልፍ እንደበራ ይተዉትና ኃይሉን ከውጭ በሌላ ቁልፍ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። የውጭው ቁልፍ ቢቃጠል ከማንኛውም የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ይገዛል። ሌሎቹ ደግሞ ይኸን አይወዱም፤ አዳዲሶቹ ራዲዮኖች በራሳቸው ቁልፍ ካልተዘጉ አንዳንድ የያዙትን ነገር ሊረሱ ይችላሉ ይላሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ ግን ራዲዮው አሮጌ ከሆነ የፊተኞቹን እደግፋለሁ።

አዳዲሶቹ ላይ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው መላ መተዋል። የምትጫኑት ቁልፍ ራሱ ኃይሉን አይሸከምም። ትእዛዝ ብቻ ይሰጣል፤ ውስጥ ያለ ሌላ ጠንካራ ዕቃ ኃይሉን ይከፍታል። ይኸን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ወፍጮ ቤት ግቡ። ወፍጮውን የሚያስነሣው ሰው አረንጓዴዋን ቁልፍ በአውራ ጣቱ ይጫናል፤ ሣጥኑ ውስጥ «ጓ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ወፍጮው ይነሣል። ያ «ጓ» ያለው ኮንታክተር የሚባለው ነው። ትልልቅ ምላሶች አሉት። ባለ ወፍጮው የሚጫናት ቁልፍ መልእክተኛ ልጅ ናት፤ ሸክሙን የሚያነሣው ጎልማሳው ኮንታክተር ነው። በኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሠራ ሰውም ይኸንኑ ያውቀዋል፤ ትልልቅ ሞተሮች ሁሉ የሚነሡት በዚህ ዓይነት ነው።

ብርድና ጉም፣ ሙቀትና አቧራ

ሁለተኛው ጠላት ከአገሩ አየር ጋር የተያያዘ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይራራቃሉ። ነገር ግን ሐረጎን ወርዶ የሚያውቅ ሰው አየሩ እንዴት እንደሚለወጥ ያውቃል። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ትገኛለች። ኮምቦልቻ ደግሞ ቦርከና በሚያልፍበት ሜዳ ላይ፣ ወደ 1,850 ሜትር ግድም ናት።

በደሴ ጠላቱ ርጥበት ነው። ክረምት ላይ ጉም ከተማውን ሲያለብሰው ሁሉ ነገር ይረጥባል። ብርድ ላይ የዋለ ራዲዮ እሳት ወደሚነድበት ቤት ሲገባ ደግሞ ጤዛ ያወጣል፤ የቀዘቀዘ ብርጭቆ እንደሚያልበው ማለት ነው። ጤዛው ምላሶቹ ላይም ያርፋል። እየዋለ እያደረ ምላሶቹ ይጠቁራሉ፤ ይሻግታሉ። ስለዚህ ከብርድ የገባ ራዲዮ ወዲያው አይከፈትም፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ ቤቱን ለምዶ ነው።

በኮምቦልቻና በቃሉ ቆላ ጠላቱ አቧራ ነው። በበጋ መኪና ባለፈ ቁጥር የሚነሣው አቧራ፣ በአውድማ ጊዜ የጤፍ እብቅ፣ ቁልፉ ዘንግ ዳር ባለችው ቀዳዳ ይገባል። አንዲት ቅንጣት በሁለቱ ምላሶች መካከል ከገባች ድልድዩ አይገጥምም። ዓይን ውስጥ የገባች ጉድፍ ዓይንን እንደምትከለክል ነው።

በሁለቱም አገር የጋራ የሆነው ጭስ ነው። በጣሪያው ላይ ጥላሸት የሚያንጠለጥለው ጭስ ራዲዮውን አይምርም። ጥላሸቱ ከማጀቱ ቅባት ጋር ሲቀላቀል እንደ ሙጫ ይጣበቃል፤ አቧራውንም ይይዛል። ድሮ ሰዎች ለራዲዮአቸው የቆዳ ልብስ ያሰፉለት፣ ሴቶችም ጥልፍ ጠልፈው ያለብሱት ነበር። አንዳንዱ ሰው ለጌጥ ብቻ ይመስለው ነበር። ለቁልፉ ግን ትልቅ መድኃኒት ነው። ራዲዮውን ከምድጃው ራቅ አድርጎ፣ ጨርቅ አልብሶ ማስቀመጥ ሁለት ብር አያስወጣም።

ስለ ከፍታም አንድ ነገር ልጨምር። ከፍ ባለ አገር አየሩ ይሳሳል። የሳሳ አየር ብልጭታን የመከልከል አቅሙ ይቀንሳል፤ የጋለውንም ዕቃ እንደልብ አያቀዘቅዝም። ስለዚህ የትልልቅ ኤሌክትሪክ ዕቃ ፋብሪካዎች ብዙውን ጊዜ ልካቸውን የሚናገሩት እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ነው፤ ከዚያ በላይ ዕቃው ላይ የሚጫነው ኃይል እንዲቀነስ ያዛሉ። በዚህ ስሌት ኮምቦልቻ ከወሰኑ በታች ናት፤ ደሴ ከወሰኑ በላይ ናት። በድንጋይ ለሚሠራ ራዲዮ ይኸ ምንም ለውጥ አያመጣም። ለወፍጮ ባለቤት ግን የሚያሳስብ ነው።

ችግሩ የማን እንደሆነ እንዴት ይታወቃል?

ራዲዮ ዝም ሲል መጀመሪያ ድንጋዩን ወደ መከሰስ አትሂዱ። ድንጋዩን አውጡና በእጅ ባትሪ ውስጥ ክተቱት። ባትሪው ደኅና ካበራ ድንጋዩ ጤነኛ ነው። ደብዘዝ ካለ ደክሟል።

ቀጥሎ ድንጋዩ የሚቀመጥበትን ሣጥን እዩ። ያረጀ ድንጋይ ፈሳሽ ያወጣል፤ ሞላዎቹን ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ያለብሳቸዋል። ዝገቱ ካለ ቁልፉ ምንም ቢጸዳ ዋጋ የለውም፤ ኃይሉ ገና ከቤቱ ሳይወጣ ቀርቷል። በትንሹ ረጠብ ባለ ጨርቅ ጥረጉና በደረቅ ጨርቅ ድገሙት። ከዚያ በተማሪ ላጲስ እሹት። ፈሳሹ ቆዳ ያቃጥላልና እጅ መታጠብ ያስፈልጋል፤ ልጆችም እንዳይነኩት።

አሁን ወደ ቁልፉ እንመለስ። ስታዞሩት «ቀጭ» ይላል? ካላለ ሞላው ደክሟል ወይም ተሰብሯል። ቀጭ ብሎም ራዲዮው ዝም ካለ ቁልፉን በጣት ጫን አድርጉት፤ ወደ ጎን ነቅነቅ አድርጉት። ድምፅ ብቅ ብሎ ከጠፋ ወይም «ክርርር፣ ጭርርር» ካለ፣ ያለ ጥርጥር በሽታው እዚያው ነው። ቁልፉ ሲዞር ትንሿ መብራት በርታ ድምፅ ብቻ ከጠፋ ግን ሌላ ቦታ ፈልጉ። በተለይ የጆሮ ማዳመጫ የሚሰካባትን ቀዳዳ እዩ። እሷም የተደበቀች ማብሪያ ማጥፊያ ናት! ማዳመጫው ሲሰካ የትልቁን ድምፅ ማውጫ ትዘጋዋለች፤ ሲነቀል ትከፍተዋለች። በአቧራ ተይዛ ተዘግታ ከቀረች ራዲዮው ጤነኛ ሆኖ ዲዳ ይሆናል። ማዳመጫውን አሥር ጊዜ ያህል ሰካ ነቀል ማድረግ ብዙ ጊዜ ይፈታታል።

የቁልፉም የመጀመሪያ መድኃኒት እንዲሁ ነው። ድንጋዩን አውጡ። ቁልፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ 30 ጊዜ ያህል ክፈቱ፣ ዝጉ። ምላሶቹ እርስ በርስ ሲፋተጉ የጠቆረውን ልጣጭ ይፍቃሉ። ድንጋዩን መልሳችሁ ሞክሩት። በዚህ ብቻ የሚድን ራዲዮ ጥቂት አይደለም። ለብዙ ወራት ሳይከፈት የተቀመጠ ከሆነ በተለይ ይኸ ያድነዋል።

በዚህ ካልዳነ ጠጋኝ ዘንድ ይሄዳል። ጠጋኙ ቁስል የሚታጠብበትን ንጹሕ አልኮል ወይም ለዚሁ የተሠራ የሚረጭ መድኃኒት ጠብ ያደርግበታል። አልኮል ቆሻሻውን ያጥብና ራሱ በኖ ይጠፋል። ነገር ግን እሳት ቶሎ ይይዘዋልና ከኩራዝና ከምድጃ መራቅ አለበት፤ በደንብ ሳይደርቅም ድንጋይ አይገባም። ቅቤ፣ የምግብ ዘይት፣ ነጭ ጋዝ ጠብ የሚያደርጉ ሰዎች አሉ። ቅቤና ዘይቱ ለጊዜው ቁልፉን ያለሰልሱታል፤ ከሳምንት በኋላ ግን አቧራውን ሁሉ ጠርተው ያስቀምጡታል። ነጭ ጋዝ ደግሞ ላስቲኩን ያበላሻል፤ ለእሳትም አደገኛ ነው።

ጠጋኝ ዘንድ ስትሄዱ አንድ ነገር ጠይቁ። ቁልፍ አልገኝ ሲል አንዳንድ ጠጋኝ ቁልፉን ትቶ ሁለቱን ሽቦ በቀጥታ ያገናኛቸዋል። ራዲዮው ወዲያው ይናገራል፤ ባለቤቱም ደስ ብሎት ይሄዳል። ከወር በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

«ልጄ፣ ይኸ ራዲዮ ድንጋይ በላብኝ።»

«አባባ፣ ሲጨርሱ ድንጋዩን ያወጡታል ወይስ እዚያው ይተዉታል?»

«ማታ ማታ አወጣዋለሁ፤ አንዳንድ ቀን እንቅልፍ ይጥለኛል።»

ነገሩ ይኸው ነው። ቁልፍ የሌለው ራዲዮ ድንጋዩ እስካለበት ድረስ አይዘጋም። ድንጋዩን በየቀኑ ማውጣትና መክተት ደግሞ የሣጥኑን ሞላዎች ያላላቸዋል። ትናንት ቁልፉ የነበረው ድካም ዛሬ ወደ ሞላዎቹ ዞረ ማለት ነው። ለጥቂት ቀን ካልሆነ በቀር በዚህ መስማማት አይገባም። ሌላ ቁልፍ፣ ከአሮጌ ራዲዮ የተነቀለም ቢሆን፣ እንዲገባለት ጠይቁ። ያው ዓይነት ካልተገኘ ትንሽ የግፊት ቁልፍ ከጎኑ ሊገጠምለት ይችላል።

ያልተዘጋ ራዲዮ ምን ያህል እንደሚጎዳ ይኸም ይቆጠራል። በየማታው 2 ሰዓት የሚያዳምጥ ሰው አንድ ሌሊት ረስቶት ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ቢሠራ 9 ሰዓት ሆነ። 9 ለ2 ሲካፈል 4 ተኩል ነው። በአንድ ሌሊት የ4 ቀን ተኩል ድንጋይ አለቀ። እንዲያውም ከዚህ ይብሳል፤ ተራው ድንጋይ እንደ በሬ ዕረፍት ሲያገኝ ትንሽ ያገግማልና፣ ያለ ዕረፍት ሲሠራ ቶሎ ይወድቃል።

የመብራት ኃይልና የፀሐይ ኃይል

እስካሁን ስለ ድንጋይ ተናገርን። በድንጋይ የሚሠራ ራዲዮ ቁልፉ ቢበላሽ ሰው አይገድልም። በመብራት የሚሠራው ግን ይለያል። በአገራችን በግድግዳው ሶኬት ያለው ኃይል 220 ቮልት ነው። ይኸ ሰው ይገድላል።

ብዙ ሰው ራዲዮውን በቁልፉ ከዘጋው በኋላ ምንም ኃይል የሌለበት ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። በብዙ ራዲዮኖች ቁልፉ የሚዘጋው የውስጡን ደካማ ኃይል ብቻ ነው፤ 220 ቮልቱ ከሣጥኑ ውስጥ ገብቶ ይጠብቃል። ዘግታችሁት ሳለ ከኋላው እጃችሁን ብታስጠጉ ሙቀት የሚሰማችሁ በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሽፋኑን መክፈት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ገመዱን ከሶኬት ይነቅላል። ሲነቅልም ገመዱን ሳይሆን ራሱን መሰኪያውን ይይዛል፤ እጁም ደረቅ ይሁን።

በሐምሌና በነሐሴ መብረቅ ሲበዛም እንደዚሁ ነው። በቁልፍ መዝጋት ከመብረቅ አያድንም። በተዘጋ ቁልፍ ውስጥ ያሉት ምላሶች የሚራራቁት እንደ ስንዴ ፍሬ ውፍረት ነው። ከደመና እስከ መሬት የዘለለ መብረቅ ይህችን ክፍተት ከቁም ነገርም አይቆጥራት። ነጎድጓድ ገና ከሩቅ ሲሰማ ነው መንቀል ያለበት፤ በላዩ ከደረሰ በኋላ ገመዱን መንካትም አይበጅም። በጣሪያ ላይ የተዘረጋ አንቴና ካለም አስቀድሞ ይነቀላል።

ዛሬ በብዙ ገጠር ቤት የፀሐይ ኃይል፣ ሶላር የሚባለው፣ ገብቷል። ሰዎች አምፖልና ራዲዮ ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር ያገናኙና መሐሉ ላይ ከሱቅ የገዙትን የግድግዳ ቁልፍ ይገጥማሉ። «ለ220 ቮልት የተሠራ ለ12 ቮልት እንዴት ያንሳል?» ይላሉ። አነጋገሩ እውነት ይመስላል። ግን የተረሳ ነገር አለ። የመብራት ኃይል ባንድ አቅጣጫ አይሄድም፤ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። በተመላለሰ ቁጥር ሁለት ጊዜ ለቅጽበት ይቆማል። ስለዚህ በሰከንድ 100 ጊዜ ይቆማል ማለት ነው። ብልጭታ ቢነሣም በዚያች ቅጽበት ይጠፋል። የባትሪና የሶላር ኃይል ግን ባንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ያለ ዕረፍት ይፈሳል። የተነሣው ብልጭታ የሚያጠፋው ስለሌለ ምላሱን እያቃጠለ ሊቆይ ይችላል። ለአንዲት አምፖልና ለአንድ ትንሽ ራዲዮ ብዙም አያሠጋም። ቴሌቪዥንና ብዙ አምፖል ሲጨመርበት ግን ቁልፉ ይግላል፤ ላስቲኩ ይቀልጣል፤ በሣር ቤት ውስጥ ደግሞ ወደ እሳት ሊያደርስ ይችላል።

ቁልፍ ስትገዙ በጀርባው ወይም በጎኑ የተጻፈውን አንብቡ። ቁጥር አለበት። አንዱ የቮልት ነው፤ ሌላው የአምፔር ነው። ከአምፔሩ ቁጥር በላይ የሚወስድ ዕቃ በዚያ ቁልፍ ላይ አይገናኝም። ከቁጥሩ አጠገብ እንደ እባብ የተጥመዘመዘች ትንሽ መስመር ካለች ቁልፉ ለመብራት ኃይል የተሠራ ነው። ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ከሥሩ የተቆራረጠ መስመር ካለበት ደግሞ ለባትሪና ለሶላር ይሆናል። በፊት ለፊቱ ላይም ሁለት ምልክት ይገኛል። የቆመችው መስመር «በርቷል» ማለት ናት፤ ክቧ «ጠፍቷል» ማለት ናት። ባለሱቁ ምልክቱን ካላወቀው አሳዩት።